የቃታው ሰዋስው

በማስተምርበት ዘመን አንዲት ሐረግ ይዤ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጨርስ ከኋላ ወንበር ማጉረምረም ይነሣ ነበር። «ጋሼ፣ ቃል ስንመነዝር ብንውል ምን እናገኛለን?» የሚል አይጠፋም። ዛሬ ባገኛቸው አሜሪካንን አሳያቸው ነበር። እዚያ አገር በአንዲት ሐረግ ምክንያት ስንቱ ሰው የመንግሥትን ትእዛዝ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ በመጨረሻም ረታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ሆኖ ለሙዚቃ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። የሟቾቹ ቁጥር 60 ደረሰ። ከጠመንጃዎቹ ብዙዎቹ ባምፕ ስቶክ የሚባል ሰደፍ ተገጥሞላቸው ነበር። ተራ ሰደፍ ከጠመንጃው ጋር አንድ አካል ነው፤ ይኸኛው ግን ጠመንጃውን ወደፊትና ወደኋላ ያንሸራትተዋል። ተኳሹ ጣቱን ባለበት አጽንቶ በሌላ እጁ ጠመንጃውን ወደፊት ከገፋው፣ ቃታው ራሱ እየተመላለሰ ጣቱን ይመታል። እንደ መትረየስ ይንጣጣል።

በ2018 መጨረሻ ደንብ ወጣ። ይህ ዕቃ መትረየስ ነው፤ እስከ ማርች 26 ቀን 2019 አጥፉት ወይም አስረክቡ፤ እምቢ ያለ እስከ 10 ዓመት ይታሰራል። ካሳ የለም። ያወጣው ደግሞ የመሣሪያ ባለቤቶች ወዳጅ ነኝ የሚለው የትራምፕ አስተዳደር ነው! የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ቢሮው ራሱ በሕዝቡ እጅ ከ280,000 እስከ 520,000 ይገኛል ብሎ ገምቶ ነበር። ግለሰቦች ያስረከቡት ግን፣ ጋዜጦች እንደዘገቡት፣ አንድ ሺህ እንኳ አልሞላም። የእኛ አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይል ነበር። እዚያ የሰማውም ዝም አለ።

በርግጥ በየጓሮው መዶሻ ያወረደበትን የቆጠረ የለም፤ ሁሉም አምፆአል አልልም። ዝም ያለውንም ሁሉ ክፉ ለማለት ይቸግረኛል። ይኸው ቢሮ ከዚያ በፊት ለዓመታት፣ ከእነዚህ ሰደፎች ብዙዎቹ መትረየስ አይደሉም እያለ በደብዳቤ ሲያረጋግጥ ኖሯል። ሰው ያን አምኖ በገንዘቡ ገዛ። ሕጉ ሳይለወጥ ትርጓሜው ብቻ ተገልብጦ ወንጀለኛ ነህ ቢሉት ምን ይበል?

ሕጉ የ1934 ነው። መትረየስ ማለት «በአንድ የቃታ ተግባር» ከአንድ ጥይት በላይ በራሱ የሚተኩስ ነው ይላል። የማን ተግባር? የጣት ወይስ የቃታ? ሙግቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጁን 14 ቀን 2024 በ6 ለ3 ድምፅ፣ ቃታው ለእያንዳንዱ ጥይት ተመልሶ ይሠራልና መትረየስ አይደለም ተባለ። ብያኔው የቃታ አሠራር ሥዕል ሁሉ ገብቶበታል። የተቃወሙት ዳኛ ሶቶማዮር በበኩላቸው የዳክዬ ምሳሌ አመጡ፤ አካሄዱም ዋናውም ጩኸቱም የዳክዬ ከሆነ ያው ዳክዬ ነው አሉ። እኔ ብሆን ለአብላጫዎቹ በሰዋስው ሙሉ ነጥብ እሰጥ ነበር። በንባብ ግን እጥላቸዋለሁ፤ የ1934ቱ ሰዎች የፈሩት እሩምታውን እንጂ የጣቱን እንቅስቃሴ አልነበረማ።

የሚገርመኝ ከሳሹ ነው። ካርጊል የተባለው የቴክሳስ መሣሪያ ነጋዴ ሁለት ሰደፎቹን እየተቃወመ አስረክቦ ነው ፍርድ ቤት የሄደው። የታዘዘው ሰው ተሟገተ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቆ የተቀመጠውም እኩል ረታ። ይህን ያየ ሰው ለሚቀጥለው ደንብ ይሰለፋል? ደግሞስ መቼ ተሰለፈ! በ2023 ሽጉጥ ላይ ለሚገጠም የክንድ መደገፊያ ምዝገባ ታዘዘ። ቢሮው 3 ሚሊዮን ያህል አለ ብሎ ሲገምት፣ የመጣው ማመልከቻ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበር። ያንንም በ2024 ፍርድ ቤት ሻረው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ደባቂውም ዳኛውም አይደለም፤ ብዕሩ እጁ ላይ እያለ የማይጽፈው ምክር ቤት ነው። በ2018 ቢሮው ስለ እርሱ ሲጽፍለት እፎይ አለ። ከአብላጫዎቹ ዳኞች አንዱ፣ አሊቶ፣ ሕጉን ማሻሻል የምክር ቤቱ ፈንታ ነው ብለው ጻፉ። ብያኔው በተሰጠ በቀናት ውስጥ ዴሞክራቶች ሰደፉን የሚከለክል ረቂቅ ይዘው ሴኔት ገቡ። ያለ ክርክር እንዲያልፍ ስለጠየቁ የሁሉም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። አንድ ሴናተር እጁን አወጣ፤ ረቂቁም እዚያው ቀረ።