«ስንፈተ ወሲብ» እና የመድኃኒት መመሪያ አማርኛ

«ስንፈተ ወሲብ» የሚለው ስያሜ በሐኪም ቤትም በመድኃኒት ቤትም ሥር ሰዷል። ከሁለተኛው ቃል ጋር ጠብ የለኝም፤ በግዕዝ «አውሰበ» አገባ ማለት ስለ ሆነ ዝምድናው የከበረ ነው። ነቀፌታዬ በመጀመሪያው ላይ ነው። «ስንፈት» ድካምን ከማመልከት አልፎ የሰውየውን ጠባይ ይወቅሳል፤ ደግሞም የፍላጎት ማጣትን፣ የዘር ቶሎ መፍሰስንና የብልት አለመቆምን በአንድ ከረጢት ይከታል። ሲልደናፊል የሚታዘዘው ግን ለመጨረሻው ነው። በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ቃሉን ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ አስተርጓሚ «ደዸቢ» ቢል ሰሚው የሚረዳው ተራ ድካምን ነው። «የብልት አለመቆም» ግልጽ ነው፤ በሐኪም ፊትም ነውር የለውም።

«ማነቃቂያ» የተባለው ደግሞ የባሰ ነው። መድኃኒቱ ስሜት ሲነሣ ደም ወደ ብልት እንዲገባ ያግዛል እንጂ ስሜቱን ራሱን አይቀሰቅስም። ስሙን አምኖ የዋጠ ሰው ለውጥ ባያይ ሁለተኛ ፍሬ ይጨምር ይሆናል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መውሰድ ግን አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው «ግፊት ይቀንሳል» የሚለው አነጋገር ነው። ሲልደናፊል በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ከመፈቀዱ በፊት የተሞከረው ለልብ ሕመም፣ ለደረት ውጋት ነበር። ለዚያው ውጋት ከሚሰጡት ናይትሬቶች ጋር ሲወሰድ ግን የደም ግፊትን ለሕይወት እስከሚያሰጋ ድረስ ያወርዳል። በዕለት ንግግራችን «ግፊት» የበሽታው ስም ሆኗል፤ በኦሮምኛም «ዺባ ዺጋ» እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ግፊት ያለበት አንባቢ «ግፊት ይቀንሳል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ የምሥራች አድርጎ ያነበዋል! «ራስን አስቶ ይጥላል፣ ሊገድልም ይችላል» ቢባል የሚሳሳት የለም። «ናይትሬት» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ «ለደረት ውጋት የሚዋጥ ወይም ከምላስ ሥር የሚደረግ መድኃኒት» የሚል ማብራሪያ ሊከተለው ይገባል።

አንድ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ቀርቷል። ብልት ሳይረግብ 4 ሰዓት ካለፈው ሕብረ ሕዋሱ ሊጎዳ ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ተርጓሚው «ከ4 ሰዓት በላይ» ብሎ ሲጽፍ ግን «ሰዓት» የጊዜ ርዝመትም የቀኑ ሰዓትም መሆኑን ይዘነጋል። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው የጧቱን 4 ሰዓት ይጠብቅ ይሆናል። «ለአራት ሰዓታት ያህል ሳይረግብ ከቆየ» ተብሎ ቢጻፍ አሻሚነቱ ይወገዳል።