ምልክቱን ተወው፣ እጇን እይ

የድሮ የጀርመን ፖርሴሊን ምስሎችን መሰብሰብ የጀመረ አንድ ወጣት «የማይሰን ሥራ መሆኗን በምን ልወቅ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ምስሏን ገልብጦ ከሥሯ ምልክት መፈለግ ያዘ። ብዙዎቹ ሰብሳቢ ወዳጆቼም ያው ናቸው፤ መጀመሪያ ይገለብጣሉ፣ ቀጥለው የምልክቶች መጽሐፍ ይፈትሻሉ። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ዓመታት ሄደዋል፤ እኔ አሁንም አልተረታሁም።

የማይሰን ፋብሪካ ምልክት የሆኑት የተመሳቀሉ ሰማያዊ ሰይፎች እ.ኤ.አ. ከ1722 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ሲኮረጁ የኖሩትም የዚያኑ ያህል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የነበረው የሳምሶን የፖርሴሊን ሥራ ቤት ምስሎቹን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም አስመስሎ ይሠራ ነበር። ሰይፍ መሣል ምን ይከብዳል? እጅ ነው የሚከብደው።

የቅርጽ ባለሙያው ዮሃን ዮአኪም ኬንድለር በ1731 ማይሰን ገብቶ በ1775 እስኪሞት ድረስ ያወጣቸውን ቅርጾች ተመልከቱ፤ አንጓው ሲታጠፍ ጣቱ አብሮት ይናገራል። ደግሞም አንዲት ምስል ወጥ ሆና አትወጣም። ራሷ፣ ክንዷ፣ እግሯ በየራሱ የጀሶ ቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ፣ ገጣጣሚው በቀጭን የፖርሴሊን ጭቃ ያያይዘዋል፤ ጭቃው ሳይደርቅም ጣቶቿን አንድ በአንድ ያበጃል። ምድጃ ውስጥ በ1400 ዲግሪ ገደማ ስትተኮስ ከቁመቷ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ታጣለች። እንግዲህ ካለቀች ምስል ላይ ቅርጽ የሚወስድ ኮራጅ ሥራው እንደገና ይኮማተርበታል። የእሱ ምስል ከዋናዋ ታንሳለች፤ መጀመሪያ የሚደፈነውም በጣቶቿ መሐል ያለው ክፍተት ነው። ይህን የትኛውም ሰይፍ አይሸፍነውም።

ጥገናም የሚጋለጠው እዚያው ነው። እጅ ቶሎ ይሰበራል፤ የተተካ ጣት ደግሞ እንደ ፖርሴሊን አይቀዘቅዝም። ከንፈራችሁን አስጠግታችሁ ሞክሩት።

እንጀራዬ ድሬስደን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። እጅ አጥባለሁ፣ ጥፍር እቆርጣለሁ፣ ሰው ከወንበር ሲነሳ አንጓውን እደግፋለሁ። ፖርሴሊን የወደድኩትም በዚሁ ሥራ ነው፤ በየሳሎኑ የመስታወት ቁም ሣጥን አለ፣ ውስጡም ልጆች መውረስ የማይፈልጓቸው ምስሎች ቆመዋል። አንዲት እናት ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ምስሎቻቸውን የሚለዩት የምስሎቹን ጣቶች በመዳሰስ ነበር። «ይቺ አበባ ሻጯ ናት» ይሉኛል፣ አይሳሳቱም። ከምልክት መጽሐፍ ሁሉ የበለጠ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሲያርፉ ልጆቻቸው አበባ ሻጯን ሰጡኝ። ትንሿ ጣቷ የለችም፤ ሟቿ በልጅነታቸው ጥለዋት ሰብረዋት፣ እናታቸው እንደተቆጧቸው አጫውተውኛል። ወዳጆቼ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዳት፣ ዋጋዋ ከፍ ይላል ይሉኛል። አልወስዳትም። እሳቸው ከሌሎቹ የሚለዩዋት በዚያች ጎዶሎ ጣት ነበር።