ሀክ ፊን ያልተማረው

በልጅ አንደበት የተተረከ ልብ ወለድ የሚሔስ ሰው ልጁ ስለ ራሱ የሚለውንና የሚያደርገውን ለይቶ መመዘን አለበት። ሁለቱ ሲጋጩ ብዙ አንባቢ ለማስታረቅ ይቸኩላል፤ ልጁ ያላሰበውን ያስብለታል። በማርክ ትዌይኑ ሀክልቤሪ ፊን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 አሜሪካ ውስጥ በታተመው በዚህ ልብ ወለድ፣ 13 ወይም 14 ዓመት የሆነው ሀክ ከሰካራም አባቱ አምልጦ፣ በ800 ዶላር ወደ ኒው ኦርሊንስ ሊሸጥ መሆኑን ሰምቶ ከጠፋው ባሪያ ከጂም ጋር በግንድ ርብራብ ሚሲሲፒን ይወርዳል። የተለመደው አነባበብ ልጁ በጉዞው የባርነትን ክፋት ተረዳ ይላል። እኔ ግን አልተረዳም ባይ ነኝ፤ የመጽሐፉን ታላቅነትም የማየው እዚሁ ላይ ነው።

ማስረጃው ምዕራፍ 31 ነው። አጭበርባሪዎች ጂምን በ40 ዶላር ሸጠውታል። ሀክ ጂም ያለበትን የሚጠቁም ደብዳቤ ለባለቤቱ ለሚስ ዋትሰን ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስም ከኃጢአቱ የነጻ ይመስለዋል። ከዚያ ጂም ትዝ ይለዋል፦ እሱ እንዲተኛ ብሎ የሱን ተራ ጨምሮ ሲጠብቅለት፣ በጉም ተለያይተው መልሶ ሲያገኘው በደስታ ሲፈነድቅ። ደብዳቤውን ይቀደዋል። ሲቀደው ግን ገሃነም እንደሚወርድ አምኖ ነው እንጂ የባርነት ሕጉ ስሕተት ነው ብሎ አይደለም። ይህን የሚጠራጠር ሁለት ምዕራፍ ወረድ ብሎ ያንብብ። ቶም ሶየር ጂምን ለማስመለጥ አግዝሃለሁ ሲለው ሀክ ደስ አይለውም፤ ይደነግጣል፣ ጓደኛውም ከዓይኑ ዝቅ ይልበታል። በደንብ ያደገ ልጅ እንዴት እንዲህ ያለ ነውር ይሠራል ብሎ ነው።

ካልተረዳ ዕድገቱ የቱ ላይ ነው የሚል ይኖራል። ዕድገቱ በሐሳቡ ሳይሆን በድርጊቱ ውስጥ ነው። በጉሙ ማግስት በጂም ላይ በመቀለዱ አፍሮ ይቅርታ ለመጠየቅ ሩብ ሰዓት ያህል ከራሱ ጋር ይታገላል፤ ከጠየቀ በኋላ ግን አይጸጸትም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሚስ ዋትሰን በኑዛዜዋ ጂምን ነጻ እንዳወጣችው ቶም እያወቀ ደብቆ፣ ሰውየውን ለሳምንታት የእስረኛ ጨዋታ መጫወቻ ሲያደርገው ሀክ ይከተለዋል። ደራሲው ሄሚንግዌይ አንባቢ ከዚያ በፊት እንዲያቆም መክሯል። ምዕራፎቹ መንዛዛታቸውን አልክድም፤ በጂም ላይ የሚደርሰውም ያስቆጣኛል። ሀክ እሺ ማለቱ ግን ከባሕርዩ አያፈነግጥም። ቶምን የሚከራከረው ቀላሉ መንገድ ይሻላል እያለ ነው፤ ይህ ሰው መጫወቻ አይደለም የሚልበት የራሱ እምነት ግን የለውም። ቶም በጥይት ሲቆስል ጂም ነጻነቱን ትቶ ሐኪም ካልመጣ አልንቀሳቀስም ሲል፣ ሀክ የሚያመሰግነው ውስጡ ነጭ ነው ብሎ ነው። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያስተማረው የለም።