የእጁን ያላገኘው ገዳይ



የወንጀል ፊልም ለማየት ስንቀመጥ ሳንነጋገር የምንገባው ውል አለ። ገዳዩ ምንም ያህል ብልጥ ቢሆን፣ ምንም ያህል ጊዜ ቢያመልጥ፣ በመጨረሻ የእጁን ያገኛል። ልባችን ተንጠልጥሎ የምንቆየው፣ ደሙንና ጭካኔውን ችለን የምናየው ይህን ጠብቀን ነው። ውሉ ሲፈርስ እንቆጣለን። «ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አየነው?» እንላለን።

ይህን ውል በማፍረስ ከሚታወቁት ፊልሞች አንዱ «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለሽማግሌዎች የማትሆን አገር» እንደ ማለት ነው። ፊልሙን የሠሩት ወንድማማቾቹ ጆኤልና ኢተን ኮኤን ሲሆኑ፣ ታሪኩን የወሰዱት አሜሪካዊው ደራሲ ኮርማክ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ፊልሙ በሜይ 2007 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታየ። ለአሜሪካ ሕዝብ የቀረበው ግን በኖቬምበር ነበር። በመካከሉ ባለፉት ስድስት ወራት ሐያስያን ሲያወድሱት፣ ተመልካቹም ሲጠብቀው ቆየ። ታዋቂው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት አራት ኮከብ ሰጠው። በፌብሩዋሪ 2008 ደግሞ በምርጥ ፊልም፣ በምርጥ ዳይሬክተር፣ በተዛማጅ ድርሰትና በረዳት ተዋናይ አራት ኦስካር አገኘ።

ይህ ሁሉ ሙገሳ ሰዎችን ወደ ሲኒማ ቤት ጠራ። ብዙዎች ግን ሲወጡ ግራ ተጋብተው ነበር። ገሚሱ «እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም» አለ፤ ገሚሱ «ፊልሙ ሳያልቅ ቆመ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ዛሬም ሁለት ሰዎች ስለዚህ ፊልም ቢያወሩ ክርክሩ ከዚያው ቦታ ይጀምራል። እኔም ወደዚያው ቦታ ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ። ሆኖም መጨረሻውን ሳላነሣ ስለ መጨረሻው መናገር አልችልምና፣ ፊልሙን ሳታዩ ማወቅ የማትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙ። ደግሞም ፊልሙ ደም የበዛበት ነው። በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዲያዩት አይፈቀድም። በመካከላችሁ ታናናሾች ካሉ ይህን አስቡበት።

ታሪኩ እነሆ። ዘመኑ 1980፣ ቦታው ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ያለው የምዕራብ ቴክሳስ ምድረ በዳ ነው። ሉዌሊን ሞስ (ጆሽ ብሮሊን) የተባለ ሰው ለአደን ወጥቶ ሳለ፣ የዕፅ ነጋዴዎች ተታኩሰው ያለቁበት ቦታ ይደርሳል። በሬሳዎቹ መካከል ሁለት ሚሊዮን ዶላር የያዘ ቦርሳ ያገኛል፤ ይወስደዋል። ገንዘቡን ለመመለስ አንቶን ሺገር የሚባል ገዳይ ይከተለዋል። ሁለቱን ደግሞ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበው የወረዳው ሸሪፍ ኤድ ቶም ቤል (ቶሚ ሊ ጆንስ) በዝግታ ከኋላ ይከተላል። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያሳድዳል፣ አንዱ ሕግ ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ሦስቱ አንድ ቀን ፊት ለፊት እንዲገናኙ እንጠብቃለን።

አይገናኙም። ሞስ በኤል ፓሶ ከተማ በአንድ ሞቴል ይገደላል፤ ሲገደል ግን አናይም። የገደሉትም ሌሎች ናቸው፤ ሺገር አይደለም። ስንከተለው የቆየነውን ሰው ከሸሪፉ ጋር ዘግይተን ደርሰን ሬሳውን ብቻ እናገኘዋለን። በዚያው ሌሊት ቤል ወደ ሞቴሉ ይመለሳል። የበሩ ቁልፍ ተነቅሏል፤ ገዳዩ በጨለማ ውስጥ ተደግፎ ቆሞ እናያለን። አሁን ነው፣ እንላለን። ሽማግሌው ሽጉጡን አውጥቶ ይገባል። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ቤል ጡረታ ይወጣል። ሺገርም አንዲት ንጹሕ ሴት ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ የመኪና አደጋ ይደርስበታል፤ ክንዱ ተሰብሮ እያነከሰ ይሄዳል። የሚይዘው የለም። ፊልሙ ቤል ከሚስቱ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሕልሞቹን ሲነግራት ያበቃል።

ይህን አይቶ የተቆጣን ሰው «አልገባህም» ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። ቁጣው ከየት መጣ? ግፍ ሳይከፈል መቅረቱ ስላንገበገበው ነው። ይህ የልብ እሳት ከክፉ ቦታ አይመጣም። ነቢዩ ዕንባቆም ዓመፅ ሲበዛና ፍርድ ሲጣመም አይቶ በእግዚአብሔር ፊት የጮኸው በዚሁ ስሜት ነው። መዝሙረኛው አሳፍም ክፉዎች ሲደላቸው አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደ ቀረው ነግሮናል። ገዳይ የእጁን እንዲያገኝ መፈለግ ሰው መሆን ነው።

ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አለ። የለመድነው ዓይነት መጨረሻ ይህን ጥማት ያረካዋል ወይስ ያስረሳናል? ሽማግሌው ሸሪፍ ገዳዩን በጥይት መትቶ ቢጥለው ኖሮ አጨብጭበን፣ መብራት በርቶ፣ ወደ ቤታችን በሄድን ነበር። ስለ ሞቱት ሰዎች ግን አንዳች ባላሰብን ነበር። የኮኤን ወንድማማቾች ይህን ርካሽ እርካታ ከለከሉን። በገሃዱ ዓለም ብዙ ግፍ ዛሬ በዓይናችን ፊት አይከፈልም፤ ፊልሙ ስለዚህ አልዋሸንም። እኔ ፊልሙን የማከብረው መጀመሪያ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ፊልሙ ስለ ሰው ምርጫ የሚናገረው ነው። በሃቪየር ባርዴም የተተወነው ሺገር ራሱን እንደ ዕጣ ፈንታ የሚቆጥር ሰው ነው። በአንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አንድን ምስኪን ባለ ሱቅ ሳንቲም ወርውሮ «ገምት» ይለዋል። ሽማግሌው በነፍሱ እየተወራረደ መሆኑን በውል አያውቅም። እዚያ ትዕይንት ላይ ጩኸት የለም፤ ደም የለም፤ ሙዚቃም የለም ማለት ይቻላል። የሙዚቃ ደራሲው ካርተር በርዌል በፊልሙ በሙሉ ያስገባው ሙዚቃ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምንሰማው የሚተነፍስ ሰው፣ የሚንኮሻኮሽ የካሹ መጠቅለያ፣ ነፋስ ነው። ምን እንዲሰማን የሚነግረን ዜማ ስለሌለ ፍርሃቱን ራሳችን እንሸከመዋለን።

ይህን ትዕይንት መጨረሻ አካባቢ ካለው ጋር አስተያዩት። ሺገር የሞስን ሚስት ካርላ ጂንን (ኬሊ ማክዶናልድ) እናቷን ቀብራ ስትመለስ ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ለእሷም ሳንቲም ይወረውራል። እሷ ግን አልገምትም ትላለች። ሳንቲሙ ምንም አይወስንም፤ የምትወስነው አንተ ነህ ትለዋለች። በልብ ወለዱ ውስጥ ካርላ ጂን በመጨረሻ ትገምታለች፤ በፊልሙ ግን እስከ መጨረሻው እንቢ ትላለች። ይህ ለውጥ ትልቅ ነው። አንዲት ያልታጠቀች ወጣት ሴት የገዳዩን ሃይማኖት በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሰችው። ሲገድላት አናይም፤ ከቤት ወጥቶ በረንዳው ላይ የጫማውን ሶል ሲያይ ግን ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ሕይወቷን አላተረፈችም። ሆኖም ክፋት «ዕድልህ ነው» እያለ ሊደበቅበት የሚፈልገውን ጭምብል ገፈፈች። ፊልሙ ውስጥ ድል አላየሁም የሚል ሰው ይህን ትዕይንት ደግሞ ይየው።

ሌላም አለ። ሞስ ቦርሳውን ሲያገኝ በአንዱ መኪና ውስጥ እየሞተ ያለ ሰው ውኃ ለምኖት ነበር። ትቶት ይሄዳል። ሌሊት ግን እንቅልፍ ይነሣውና ውኃ ይዞ ይመለሳል፤ የተገኘውም በዚህ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሠራው ግልጽ የምሕረት ሥራ ወደ ሞቱ መራው። «በጎ ከሠራህ ሁሉ ይቃናልሃል» እያልን ለምንጽናና ሰዎች ይህ የሚቆረቁር ነገር ነው፤ መቆርቆሩም ይጠቅመናል። ምሕረት ትርፍ ስለሚያስገኝ የሚደረግ ከሆነ ምሕረት መሆኑ ቀርቶ ንግድ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ስለ ጉድለቱ ልናገር። ኦስካር አገኘ ማለት ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ሐያሲው ጆናታን ሮዘንባም የፊልሙን ጥሩ አሠራር ሳይክድ፣ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው ለምን እንደ ሆነ አልታየኝም ብሏል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሺገር በጣም ማራኪ ሆኖ ተሠርቷል። ከብት ማረጃ መሣሪያው፣ ያ እንግዳ የፀጉር አቆራረጡ፣ እርጋታው በአእምሮ ይቀራሉ። ከፊልሙ ከወጡ በኋላ የገዳዩን አነጋገር የሚያስመስሉ ብዙ ናቸው፤ የተገደሉትን ስም የሚያስታውሱ ግን ጥቂት ናቸው። ሜክሲኮአውያኑም ቢሆኑ ወይ ሬሳ ወይ ተኳሽ ሆነው ነው በብዛት የሚታዩት፤ የራሳቸው ፊት ያላቸው ሰዎች ሆነው አልቀረቡም። ፊልሙ ክፋትን በእውነት ያሳየናል፤ የተበደሉትን ግን በቂ ጊዜ አልሰጣቸውም።

ታዲያ ፊልሙ ስለ ተስፋ ምን ይላል? ቤል አካለ ስንኩል የሆነውን አጎቱን ኤሊስን ሊጠይቅ ይሄዳል። በሸመገልሁ ጊዜ እግዚአብሔር ወደ ሕይወቴ ይመጣል ብዬ አስብ ነበር፤ አልመጣም ይለዋል። ብዙ ወጣት ተመልካች ይህን ትዕይንት ድርጊት ስለሌለበት ያልፈዋል። ለእኔ የፊልሙ ልብ ይህ ነው። የኤሊስ መልስ ግን አባብሎ የሚሸኝ አይደለም። እግዚአብሔር የሚያስበውን አንተ አታውቅም ይለዋል። ቀጥሎም በ1909 በገዛ ደጁ ላይ ስለ ተገደለ ዘመዳቸው ይነግረዋል። ዓለም ዛሬ የከፋች ለመሰለው ሰው፣ ክፋቱ አዲስ እንዳልሆነና ሁሉ አንተን የሚጠብቅ ይመስልሃል ማለት ከንቱነት እንደሆነ ያስረዳዋል። «የድሮ ዘመን መልካም ነበር» ለሚሉ አባቶችም፣ «የእኛ ዘመን የባሰ ነው» ለሚሉ ልጆችም ይህ ተግሣጽ ነው።

በመጨረሻ ሕልሙ ይመጣል። ቤል በሌሊት፣ በብርድ፣ በተራራ መተላለፊያ በፈረስ ሲሄድ፣ የሞተው አባቱ አንገቱን ደፍቶ በቀንድ እሳት ይዞ ያልፈዋል። አባቱ በዚያ ጨለማ ፊት ለፊት ሄዶ እሳት እንደሚያነድድ፣ እሱም ሲደርስ እዚያው እንደሚያገኘው በሕልሙ ያውቃል። ከዚያ ነቃ። ሰሌዳው ይጨልማል።

ይህን ሕልም የወንጌል ስብከት ላደርገው አልፈልግም፤ ፊልሙ ያን አላለምና። ቤል ነቅቷል፤ ሕልሙን ይመነው አይመነው አይነግረንም። ነገር ግን ተመልካቹ የተኩስ ልውውጥ ሲጠብቅ የተሰጠው ይህ ነው፤ እሳት ይዞ የቀደመ አባት። ጥማቱን አላረካም፤ ጥማቱ የት እንደሚያመለክት ግን አሳይቷል። ከዚያ በላይ መሄድ የፊልም ሥራ አይደለም። የእኛ እምነት ፍርድ የሚያደርግ አለ፣ ቀድሞን በጨለማው ያለፈም አለ ይላል። ይህን የምናምን ሰዎች ጨለማውን ቸኩለን መሸፈን አያስፈልገንም፤ ፊልሙ እስካቆመበት ድረስ አብረነው መቀመጥ እንችላለን።

እንግዲህ በኅብረታችሁ ይህን ፊልም ብታዩ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ሐያስያን ስላደነቁት ብቻ አታድንቁት፤ አልወደድሁትም ማለት አላዋቂነት አይደለም። ደግሞም ስላላስደሰታችሁ ብቻ አትጣሉት። «መጨረሻው ለምን አናደደኝ?» ብላችሁ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። አንዳችሁ ድብድቡ ቀረብኝ ይል ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ስለ ካርላ ጂን ደም ማን ይጠየቃል ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ከተነሣ ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል፤ ውይይቱን ከዚያ ቀጥሉ።