ጋራዥ ሲደርስ የሚድን መኪና

አሮጌ የጭነት መኪና አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ መንገድ ላይ ሲያስለቅስ ውሎ መካኒኩ ፊት ሲቆም ምንም እንዳልሆነ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ጨርሶ የሞተ ዕቃ አያስቸግርም፤ ይፈታል፣ ይለወጣል። መጣ ሄድ የሚለው ብልሽት ግን መካኒኩን ከሾፌሩ፣ ሾፌሩን ከባለንብረቱ ያጣላል።

ኪስ የሚያራቁተውም ብልሽቱ ራሱ ሳይሆን ግምቱ ነው። ዛሬ ፊልትሮ፣ ነገ ባትሪ፣ ከዚያ ሶማሌ ተራ ወርዶ ውድ ዕቃ ፍለጋ። መኪናው ግን እንደገና ይጠፋል።

የበሰለ መካኒክ ጋቢናውን ከማንሳቱ በፊት ሾፌሩን ይዞ ይጠይቃል፦ «ሲጠፋብህ እየተንገጫገጨ ነው ወይስ በአንዴ ቀጥ ነው የሚለው?» ናፍጣ ያጠረው ሞተር ቀድሞ ይናገራል፤ ጉልበቱ ይደክማል፣ ይንገጫገጫል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም አይሰማም። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ግን ቁልፍ እንደተዘጋበት ቀጥ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ፣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ለማቀጣጠያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በሽቦ ተጎትቶ የሚጠፋው የጥንቱ ፖምፓ እንዲያውም ጨርሶ አይፈልግም። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው ቪኢ የተባለው ፖምፓና የእሱ ዘሮች ግን አናታቸው ላይ ትንሽ ሶሌኖይድ አለ። ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ የናፍጣውን በር ከፍቶ ይይዛል፤ ሲቋረጥ በውስጡ ያለው ስፕሪንግ በሩን ይዘጋዋል። ሞተሩ ናፍጣ አጥቶ ይጠፋል፣ ጥፋተኛው ግን ሽቦ ነው። ስንት ጤነኛ ፖምፓ በዚህ ሰበብ ወርዶ ተፈትቷል!

ሽቦው ሲታይ ላስቲኩ ደህና ነው። ሲላጥ ግን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከዘለላዎቹ ሁለት ሦስቱ ብቻ ተያይዘው ይገኛሉ። ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ይለያያሉ፣ ሲቆም ይነካካሉ። መለኪያ ቢያዝበት 24 ቮልት ሙሉ ያሳያል፣ ምክንያቱም መለኪያው የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ብልሁ ኤሌክትሪሲያን ተራ የፍሬቻ አምፖል ያያይዛል። ባለ 21 ዋቱ አምፖል ወደ 1 አምፔር ይስባል፤ ሽቦው ደካማ ከሆነ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሽቦው ሲነቀነቅም ብልጭ ድርግም ይላል። ከሻሲው የሚታሰረው የማሳ ገመድም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት፤ ዝገት የያዘ አንድ ብሎን ከፊት መብራት እስከ ሞተሪኖ ያሉትን ሁሉ ሊያሳብድ ይችላል።

የናፍጣው ችግር ደግሞ ዳገት ይወዳል። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ከዓባይ ድልድይ እስከ ጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሞተሩ ብዙ ናፍጣ የሚጠጣው ያኔ ነው። በጀሪካን ሲቀዳ ሰልባቶዮው ውስጥ የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ፌስታል በመሳቡ ኃይል ተጎትቶ የመምጫውን ቱቦ አፍ ይደፍናል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ጨርቁም ይለቃል። ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ መኪናው ይነሳል፣ «ሞቆት ነው» ይባልና ራዲያተሩ ይታጠባል። የሰልባቶዮው ክዳን መተንፈሻ ሲደፈንም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል፤ ክዳኑ ሲከፈት እስ ብሎ አየር ከሳበ ነገሩ ታወቀ።

ከሁሉ አታላዩ ናፍጣው መስመር ውስጥ አየር መግባቱ ነው። በሰልባቶዮውና በመሳቢያው ፖምፓ መካከል ያለው ቱቦ ሲሰነጠቅ ናፍጣ አይንጠባጠብም፤ መስመሩ የሚስብ ስለሆነ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በቱቦው ምትክ ለጊዜው ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ማድረግ ነው። አረፋው በዓይን ይታያል።

እንግዲህ ሾፌሮች፣ መኪናው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ወዲያው ሞተሪኖ አትምቱ። መጀመሪያ የእጅ ፖምፓውን ጫኑት፤ ወዲያው ከጠነከረ ናፍጣ አለ፣ ለስልሶ ብዙ ካስጫነ ናፍጣው ሸሽቷል ወይም አየር ይዟል። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ሲከፍት ሶሌኖይዱ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ቀጭ ካላለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይም ራሱ ተቃጥሏል። ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ለመካኒኩ ስጡት።