ደመወዙን ብቻ ያየ ምክር

እዚህ ካኩማ በተማሪዎች እጅ የሚዞረውን «የትኛው ትምህርት ብዙ ያስከፍላል፣ የትኛውስ ብዙ ያስገኛል?» የሚል ወረቀት አነበብነው። ዩኒቨርሲቲዎቹን በክፍያ፣ ሙያዎቹን በደመወዝ ማስተያየቱ ደግ ነው። ዋናውን ነገር ግን ዘሎታል፦ ስደተኛ ዲግሪ ስለያዘ ብቻ ያንን ደመወዝ አያገኝም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ በር ቢከፍትም የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነርስና መሐንዲስ ደግሞ በየሙያ ቦርዳቸው መመዝገብ አለባቸው። ካምፕ ውስጥ የሚሠራውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው «ኢንሴንቲቭ» እንጂ ሙሉ ደመወዝ አይደለም። ታዲያ የዳፊ ስኮላርሺፕ የደረሰው ተማሪ «ስንት ይከፈለኛል?» ከማለቱ በፊት «በዚህ ዲግሪ የት መሥራት እችላለሁ? አገሬ ብመለስ ወይ ሌላ አገር ብሄድስ ይታወቅልኛል?» ብሎ ይጠይቅ። አዘጋጆቹ ይህችን አንድ ዓምድ ቢጨምሩ ወረቀቱ በእውነት የስደተኛ ተማሪ መምሪያ ይሆናል እንላለን።