«ሥር»፣ «ጅማት»፣ «ነርቭ»፦ በስያሜ አጠቃቀም ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሰው አካል በአማርኛ የተጻፉ ጽሑፎችን ስንመረምር፣ «ሥር» የሚለው ቃል የደም መተላለፊያን፣ ጅማትንና ነርቭን ሳይለይ ሲወክል እናገኘዋለን። በዕለት ንግግር «ሥር ዞረብኝ» ቢባል ማንም አይሳሳትም፤ በሙያ ጽሑፍ ግን አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊሸከም አይገባም። የደም ሥር ደም ያመላልሳል፤ ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ያያይዛል፤ ነርቭ ስሜትን ወደ አንጎል፣ ትእዛዝንም ወደ ጡንቻ ያደርሳል።

የዚህ መደበላለቅ ጉዳት በሥጋ ደዌ ረገድ ጎልቶ ይታያል። በሽታው የሚያጠቃው ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያሉትን ነርቮች ነው። እጅና እግር ይደነዝዛሉ፤ ሕመምተኛውም እሳት ሲያቃጥለው ሳይሰማው ይቆስላል። «ሥሩ ተጎዳ» የሚለውን ያነበበ ግን ስለ ደሙ እንጂ ስለ ስሜቱ አያስብም።

«የዳር ነርቭ» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉምም አያረካንም። ከእነዚህ ነርቮች 12 ጥንዶች ከአንጎል፣ 31 ጥንዶች ከኅብለ ሰረሰር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ «ዳር» መድረሻቸውን እንጂ መነሻቸውን አያመለክትም።

ስለዚህ «ነርቭ» የሚለው የተለመደ የውሰት ቃል እንዲጸና፣ ክፍሉም «አፍአዊ ሥርዓተ ነርቭ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን፤ «አፍአ» በግእዝ «ውጭ» ማለት ነውና፣ ከ«ማዕከላዊ» ጋር በሚገባ ይነጻጸራል። ለሕዝብ በሚዘጋጅ ጽሑፍ ግን ስያሜው ብቻውን አይበቃም፤ የነርቩ ተግባር አብሮ ይገለጽ።